የካፒቴኑ የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ሳምንት ሳን ሆዜ ኤርፖርት ጫማ የሚጠርገው ሰውዬ የቀለሙን ክዳን ከፈት ሲያደርግ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና፣ እኔ ሁለት ልጅ የወለድኩ ሴትዮ፣ በረራዬን ረስቼ ቆምኩ። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ያደግንበት አፓርትመንት ደረጃ ላይ ጋሼ ካፒቴን በየጠዋቱ ጫማቸውን ሲወለውሉ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ጋሼ ካፒቴን የምንላቸው ከታች ቤት የሚኖሩ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ መሄጃ ሳይኖራቸው ጫማቸው የሚያበራ። እማዬ ምስር ወጥ አስይዛ ስትልከኝ ያስቀምጡኝና ሕይወታቸውን ያወሩልኛል፦ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው መርከብ ላይ ድንች እየላጡ እንደጀመሩ፣ መኮንን ሆነው እንኳ ማዕበል በተነሳ ቁጥር ባልዲ ታቅፈው እንደሚያስመልሳቸው፣ አንድ ቀን ደግሞ እንዳትቆም፣ ጉዞህን ቀጥል የሚል ትእዛዝ እየደረሳቸው መርከባቸውን አዙረው ጀልባቸው የሰጠመባቸውን ዓሣ አጥማጆች ከውኃ እንዳወጡ። ከዚያ በኋላ ሌላ መርከብ አልተሰጣቸውም። ይህን ሲናገሩ ደረታቸውን ይነፋሉ፤ ደግ አደረጉ።

ሲሞቱ የሕንፃው ማኔጀር ዘመድ የሌለውን የሚቀብረው ካውንቲው፣ የአካባቢው መንግሥት፣ ይወስዳቸዋል አለ። እማዬ ጎረቤት እያላቸው ሰው እንደሌለው አይቀበሩም ብላ እድሩን አስነሳች። በኛ ደግሞ ያለ ሕይወት ታሪክ ቀብር የለም፤ ታሪካቸውን የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ በአማርኛ ሲያናግሩኝ በእንግሊዝኛ የምመልሰው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ጻፊ ተባልኩ። የእድሩ ሰብሳቢ፣ ታክሲ ነጂው ጋሽ ተፈራ፣ ትእዛዝ የጣሱበትን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው "ታዛዥና ሰው አክባሪ ነበሩ" ብለው ጻፉበት፤ በሬሳ ላይ ጥፋት አይነበብም አሉ። ንዴቴ ይኼ ነው አይባልም። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን የኮሩበት ነገር እኮ ነው።

መቃብሩ ላይ፣ የእማዬን ዓይን ላለማየት ወረቀቱ ውስጥ ተደብቄ፣ በዚያ ኮልታፋ አማርኛዬ "ታዛዥ አልነበሩም፤ እምቢ ብለው ሰው አዳኑ" ብዬ አነበብኩ። ጋሽ ተፈራ ሁለት ዓመት ሙሉ አኮረፉኝ። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጋሽ ተፈራ ታመው ሲተኙ አስጠሩኝ።

"የኔን አንቺ ጻፊው፤ ምንም እንዳትሰርዢ" አሉኝ።

አልሰረዝኩም። ግትርነታቸውንም ኩርፊያቸውንም ጨምሬ አነበብኩ፤ ለቀስተኛው እያለቀሰ ሳቀ።

ዛሬ ያ ሕንፃ ፈርሷል፤ እማዬም የለችም፤ የእድሩ ሰው ኪራይ ሽሽት በየከተማው ተበትኗል። የኔን ማን እንደሚጽፈው አላውቅም፤ ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይጽፉም። ግድ የለም፣ በእንግሊዝኛም ይሁን። ታዛዥ ነበረች ብሎ የሚጽፍ ግን ወዮለት።