በቶሎሳ ፍላሽ ላይ ያላከክኩት ጥፋት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ለእህቴ አልነገርኳትም፣ ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩም። አንድ ጊዜ ልናገር ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ኃጢአቴን ከመናገሬ በፊት ፎንት ምን እንደሆነ ለአባ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። «አባ፣ ፎንት ማለት ኮምፒውተር ውስጥ ያለ የፊደል መልክ ነው» ብዬ ልጀምር? ከኋላዬ ደግሞ ብዙ ሰው ተራ ይጠብቃል። ጾም ገድፌያለሁ ብዬ ተፈትቼ ተነሳሁ። እሱም ቢሆን እውነት ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምናዘዘው ለእናንተ ነው፤ እናንተ ቢያንስ ኮምፒውተር ታውቃላችሁ።

ሮማን እባላለሁ፣ ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ነው። ባሌ ቶሎሳ ከአዳማ ብዙ የማትርቀው የደራ ከተማ ልጅ ነው። ሰፈሩ ግን ቶሎሳ ብሎ አይጠራውም፤ «ቫይረስ» ነው የሚለው። እድር ሲገባ «ቫይረስ መጣ፣ ኮምፒውተራችሁን ደብቁ!» ይላሉ። ሠርግ ቤት ቫይረስ፣ ክርስትና ቤት ቫይረስ። እሱ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጉዴን አያችሁ? ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ አብሬ የምስቀውም እኔው ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው መናኸሪያው አጠገብ በነበረች አንዲት ጽሕፈት ቤት ነው። ባለቤቷ ጋሽ ከድር የወሎ ሰው ናቸው፤ ቁጡ፣ ግን ሆደ ቡቡ። እኔ ታይፒስታቸው ነበርኩ። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ውል እንጽፋለን፣ የሠርግ ካርድ እናትማለን። የሰፈራችን እድር ደንብ፣ የአባላቱ ስም፣ ቃለ ጉባኤው ሁሉ የሚቀመጠውም እዚያ ባለች አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ስትነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ታጓራለች። ጠዋት ከፍቻት፣ ቤቱን ጠርጌ፣ ሻዬን ጠጥቼ ስመለስ ገና እየተነሳች ነው።

ያኔ አማርኛ እንደ ዛሬው በየስልኩ አልነበረም። ጽሑፉ የተጻፈበት ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ያ ሁሉ አማርኛ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ሲያዩት የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም፤ ፎንቱን መልሰው ሲጭኑት እንደነበረ ይመለሳል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ቶሎሳ የእህቱን የሠርግ ካርድ ሊያሠራ ከደራ መጣ። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ፍላሹን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። ያን ጊዜ ፍላሽ አንገት ላይ ማንጠልጠል የአራዳ ልጅ ምልክት ነበር። «አካም ጅርታ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ሲለኝ ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ቀሩ። የካርዱን ጽሑፍ የያዘውን ያንን ፍላሽ አውልቆ ኮምፒውተሯ ላይ ሰካልኝ፤ ምን ልደብቃችሁ፣ ወደድኩት። ካርዱንም ማንም ባልሠራበት ፎንት ልሠራለት ፈለግኩ፤ ጫፉ እንደ ሐረግ የሚጠመዘዝ አዲስ ፎንት ከጓደኛዬ አምጥቼ ነበር።

ልጭነው ብል ኮምፒውተሯ እምቢ አለች። ፎንት በዝቶብኛል አለች። አጥፍቼ አበራኋት፣ እምቢ። ጀርባዋን መታ መታ አደረግኳት፣ እምቢ። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየኛል፣ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። በመጨረሻ ፎንቶቹ የሚቀመጡበትን ማኅደር ከፈትኩና «እነዚህ ሁሉ ምን ይሠራሉ?» ብዬ ስማቸውን የማላውቀውን ሁሉ በጅምላ አጠፋሁ። አጠፋሁ። እኔ፣ በዚህች ጣቴ። አዲሱ ፎንት ተጫነ፣ ካርዱም አበባ መሰለ። ቶሎሳ «ገለቶሚ» ብሎ አመስግኖኝ ሄደ፤ ታትሞ ሲያልቅ በሳምንቱ ሊወስድ ተቀጣጠርን። እኔ የምጽፍበት ፎንት ስላልተነካ ምንም ነገር እንደጎደለ አላወቅኩም።

ሰኞ ጋሽ ከድር የእድሩን ደንብ ሲከፍቱ ከላይ እስከ ታች ዝብርቅርቅ። «ያ ረቢ! ማነው ይህችን ኮምፒውተር የነካት?» ብለው ጮኹ። መልሱ አጭር ነበር፤ «እኔ ነኝ ጋሽ ከድር» ማለት ብቻ። ምን ነበረበት? ቢቆጡኝ ይቆጡኝ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሻይ ይገዙልኝ ነበር፤ አውቃቸዋለሁ። ግን አፌ ቀደመኝ። «የደራው ልጅ ፍላሽ ሰክቶ ነበር፣ ቫይረስ ይሆናል» አልኩ።

ማን ሊጠራጠር? ያኔ አዳማ ውስጥ ለተበላሸ ኮምፒውተር ሁሉ ተጠያቂው የእንግዳ ፍላሽ ነበር።

ቶሎሳ በሳምንቱ ካርዱን ሊወስድ እየሳቀ ገባ። ጋሽ ከድር ሰው ፊት አወረዱበት። «የስንት ሰው እድር አጠፋህ እኮ!» አሉት። ፊቱ ሲቀላ አየሁ። እኔ አጎንብሼ የወረቀቱን ጠርዝ አስተካክላለሁ፤ የተስተካከለ ወረቀት ነው የማስተካክለው። ቶሎሳ ፍላሹን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተና «አፉ በሉኝ ጋሼ፣ ሳላውቅ ነው። መካስ ካለብኝ እክሳለሁ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍላሽ አንገቱ ላይ አይቼ አላውቅም።

ደንቡና የአባላቱ ስም በወረቀት የታተመ አሮጌ ቅጂ ነበረው። እሱ እያነበበ እኔ እንደ አዲስ እንድጽፍ ተወሰነ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እህል ይዞ ገበያ ሲመጣ።

እስካሁን ያወራሁት የፍርሃት ጥፋት ነው። የባሰው ገና ነው። ጥቂት ቅዳሜ እንደሠራን የኮምፒውተሯን የቆሻሻ ቅርጫት ልደፋ ስከፍተው፣ ያጠፋኋቸው ፎንቶች በሙሉ እዚያው ተኝተዋል! አንድ ጊዜ መለስ ባደርጋቸው እድሩ እንደነበረ ይመለሳል፣ ቶሎሳም ነፃ ይወጣል። አየኋቸው። ቅርጫቱን መልሼ ዘጋሁት።

ለምን? ቅዳሜዎቼ እንዳያልቁብኝ ነዋ! ያ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ «አቶ እገሌ፣ ወይዘሮ እገሊት» እያለ ሲያነብልኝ እውነት ማን ይፈልጋል? አንድ ቀን በዚያው በማንበቢያ ድምፁ «አቶ ቶሎሳና ወይዘሮ ሮማን» አለ። ሳላስተውል ጻፍኩት። ከዚያ ስክሪኑን አየሁ፣ እሱን አየሁት፤ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አላጠፋሁትም። ጋሽ ከድር ሲያርሙ አግኝተውት «እነዚህ ደግሞ መዋጮ መቼ ከፈሉ?» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እንዲህ ሆኖ ነው የተጋባነው። ፎንቶቹን ግን በራሴ ፍላሽ ገልብጬ ቅርጫቱን ደፋሁት፤ ፍላሹንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከሠርጌ ነጠላ ሥር ደበቅኩት።

በእነዚያ ቅዳሜዎች መሀል የነገረኝ አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ደራ ላይ እንደ ጋሽ ከድር ያለ ጽሕፈት ቤት ሊከፍት ያስብ ነበር። «ተውኩት፣ የሰው ነገር ነው የማጠፋው» አለኝ። ሰማሁት። ሰምቼ መጻፌን ቀጠልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ዛሬ እህል ይነግዳል፣ ቤታችን ሙሉ ነው፣ ተመስገን ነው። ግን በኮፒ ቤት በኩል ስናልፍ ቆም ብሎ በመስኮቱ ያያል። እኔ እጁን ይዤ እጎትተዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እድሩ አዲስ ኮምፒውተር ገዛ። ጋሽ ከድር አሁን አርጅተው የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ያችን አሮጊት ኮምፒውተርም ሱቁን ሲዘጉ ለእድሩ ሰጥተዋታል። የድሮው ቃለ ጉባኤ ቅጂ ስላልነበረው ዛሬም እሷው ላይ እንደ ተዘበራረቀ ተቀምጧል። «ጸሐፊያችን ቶሎሳ ይሁን፤ ያጠፋው እሱ፣ የሚመልሰውም እሱ!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቶሎሳም ሳቀ።

ቤት ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ግን አልሳቀም። «ሮሚ፣ እሁድ ስብሰባው ላይ ሌላ ሰው ይምረጡ በያቸው። እኔ ኮምፒውተር ከነካሁ አንድ ነገር ይበላሻል» አለኝ። ክው አልኩ። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን የምር አምኖት ኖሯል! እኔ ቀልድ መስሎኝ ስስቅ እሱ ኀዘኑን በሳቅ ይሸፍን ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ስለዚህ ይህን ጽፌያለሁ፣ እሁድ እድሩ ፊት ቆሜ አነበዋለሁ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ የሠራሁትን አውቅ ነበር። ስለወደድኩት ነው አልልም፤ የወደደ ሰው እንዲህ አያደርግም። ኮምፒውተሯ አርጅታ ነው ደግሞ ፈጽሞ አልልም፤ ምስኪን፣ እሷ ምን አጠፋች? ጋሽ ከድር፣ እንደ ድሮው ይጩኹብኝ፤ ይገባኛል። «ቫይረስ» የምትለዋን ስም መተው ካልቻላችሁም ለእኔ ትሁን፣ እወስዳታለሁ።

ቶሎሳዬ፣ አንተን ሰው ፊት አሳፍሬህ ነበርና ይቅርታህን የምለምንህም ሰው ፊት ነው። ዛሬውኑ ይቅር በለኝ አልልህም፤ እኔ ስንት ዘመን አስጠብቄሃለሁ። ፍላሹ ይኸው፣ ፎንቶቹ በሙሉ ውስጡ አሉ። አንገትህ ላይ አድርገውና ና፣ ሁሉም እያየ አንተ ሰካው።