የኃይሉ ገመድና የደቡብ ጆርጂያ ኩሬ

ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ ጥር ነበር። አትላንታ አጠገብ ካለችው ከታከር የተነሣሁት አንድ ከረጢት የፕላስቲክ ዳክዬ ለማስረከብ ነው። ዳክዬዎቹ የባለቤቴ የኃይሉ ነበሩ። አዳኞች ውሃ ላይ ያንሳፍፏቸውና የዱር ዳክዬ ጓደኞቹን ያየ መስሎት ይወርዳል። ኃይሉ ከሞተ ዓመት አልፎም ከረጢቱ ጋራዥ ውስጥ እንደ ተሰቀለ ነበር። ልጄ ሜሮን ከመሀል አትላንታ፣ ከሚድታውን፣ በመጣች ቁጥር ቀና ብላ ታየዋለች።

«እማዬ፣ ጋራዡን ክሊን እናድርግ እንጂ፣ ፕሊስ።»

መልስ መስጠት ደከመኝ። ለአደን ጓደኛው ለሰይድ ደወልኩና ና ውሰዳቸው አልኩት።

«እወስዳለሁ» አለ። «ግን አንድ ቀን አብረውኝ ይምጡና ሲሠሩ ይዩዋቸው። እንዲሁ ከጋራዥ አንሥቼ ብሄድ የሰረቅሁ ይመስለኛል።»

እሺ አልኩ። አንድ ቀን ነው፤ ያልቃል። ዳክዬዎቹን ከወሰደ በኋላ ሰይድ ደጄን የሚረግጥበት ምክንያት እንደማይኖረው አውቅ ነበር። የሚመጣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ስለ ኃይሉ ያወራል፤ እኔም መስማት ሰልችቶኝ ነበር።

መንገዱ

ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ አትላንታ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። ከኃይሉ በዕድሜ ስለሚያንስ እትዬ ይለኛል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ከረጢቱን ጭነን በሁለት ሰማንያ አምስት ቀለበት መንገድ ዞረን ወደ ደቡብ የሚወስደውን ሰባ አምስት ሳውዝን ያዝን። ኤርፖርቱን እስክናልፍ ትራፊኩ ከባድ ነበር። ከዚያ ከተማው ቀስ በቀስ አለቀ። ሜከን ከተማን ካለፍን በኋላ ከጥድ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም፤ አልፎ አልፎ ጥጥ የተለቀመበት እርሻ፣ ነጭ ርጋፊው መሬት ላይ የቀረ።

ሰይድ ነዳጅ ሊሞላ ቆመ። ከማደያው በር አጠገብ አንዲት ሴት በትልቅ ድስት ኦቾሎኒ ትቀቅላለች፤ አንዱ ከረጢት አራት ዶላር ነው። ገዝቶ ሰጠኝ። ልጣጩን ከፍቼ አንድ ቀመስኩ። ለስላሳ፣ ጨው የበዛበት።

«ይሄማ ንፍሮ ነው» አልኩት። «ንፍሮ በልቼ የለም እንዴ ዓመቱን ሙሉ?»

«አብሽሩ እትዬ፤ ይሄ የፈረንጅ ንፍሮ ነው። ሰው አልሞተበትም።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከረጢቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እየላጥኩ በላሁ።

መኪናው ውስጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝን ነገር ጠየቅሁት። ሁለቱ ለዓመታት ዳክዬ አድነዋል፤ አንድም ቀን ግን አልበሉም። ያመጡትን ሁሉ ቡፎርድ ሃይዌይ የሚባለው መንገድ ላይ ሱቅ ላላት አንዲት የቬትናም ሴት ይሰጧት ነበር። የኃይሉ ምክንያት ይገባኛል። ሰይድ ቢስሚላህ ብሎ የተኮሰውን ክርስቲያን አይበላም፤ ያደግነው እንደዚያ ነው። እኔም ወደ ኩሽናዬ እንዳታስገባው ብዬው ነበር።

«አንተስ? ለአንተ ሐላል አይደለም ወይ?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልበላህም?»

«ጓደኛዬ ብርድ ላይ አብሮኝ ውሎ፣ እሱ የማይቀምሰውን እኔ ቤቴ ወስጄ ልበላ? ነውር ነው እትዬ።»



ኩሬው

ስንደርስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኗል። መሬቱ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው። በሩን ከፍቶልን ቆቡን አወለቀና ለሰይድ የሆነ ነገር አለው። «ያ ዝምተኛው ሰውዬ የለም፤ ኩሬውም ሳያዝን አልቀረም ይላል» ብሎ ሰይድ አስረዳኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁት።

ኩሬው ረግረግ ነው። ግንዳቸው የሰፋ ዛፎች ውሃው ውስጥ ቆመዋል፤ ከቅርንጫፎቻቸው ግራጫ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። አዳኞች የሚቀመጡበት መደበቂያ ከእንጨትና ከደረቀ ሣር የተሠራ ጎጆ ነገር ነው፤ ውስጡ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ።

ሰይድ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከራስ ሻሼ እስከ ጫማዬ ጥቁር ነበርኩ። የቤተ ክርስቲያን እህቶቼ አውልቂው፣ ዓመቱ አልፏል ካሉኝ ቆይተዋል፤ እኔ ነኝ ያላወለቅሁት።

«ይሄ ከሰማይ ይታያል» አለ እያፈረ። ከመኪናው የኃይሉን ጃኬት አመጣ። የደረቀ ሣር የሚመስል፣ ሰይድ ጋ የቀረ ጃኬት ነው። በጥቁሩ ላይ ደረብኩት። እጅጌው ረዘመብኝ። ኪሱ ውስጥ የገብስ ቆሎ ነበረ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። አልበላሁትም፣ አልጣልኩትምም።

ሰይድ እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሶ ገባና ዳክዬዎቹን በተናቸው። ቀጥሎ ከራሱ ሣጥን አንድ አዲስ ዳክዬ አወጣ። በባትሪ ይሠራል፤ ክንፎቹ እንደ ማራገቢያ ይሽከረከራሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ኃይሉ ከሌለ ማን ይጎትታል ብዬ ነው» አለ ወደ ውሃው ዞሮ።

ኃይሉ በሕይወቱ ጠመንጃ አልተኮሰም። ሥራው ገመዱን መጎተት ነበር። ገመዱ ከመደበቂያው ተነሥቶ አራት ዳክዬዎችን ይይዝና፣ ማዶ ከተቸከለው እንጨት ጋር በላስቲክ ይታሰራል። ላስቲኩን ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የቆረጠው እሱ ነው። ሲስቡት ዳክዬዎቹ ይመጣሉ፣ ሲለቁት ላስቲኩ ይመልሳቸዋል፤ ውሃው ይነቃነቃል። በባሌ ቦታ አሁን ባትሪ ገብቷል።

ረጅም ሰዓት ተቀመጥን። ነፋስ የለም። አንድ መንጋ መጣ፣ ዞረ፣ ዝቅ አለ፤ ከዚያ የሚሽከረከረውን ክንፍ ሲያይ ሽቅብ ተመዝዞ ሄደ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

«ወቅቱ ሊያልቅ ነው» አለ ሰይድ። «ከሰሜን እስከዚህ ይሄንኑ ማሽን ሲያዩ ነው የመጡት፤ ነቅተውበታል።» ገብቶ አጠፋው። ውሃው እንደ መስታወት ቀጥ አለ። ዳክዬዎቹ በላዩ ላይ እንደ ተረሱ ዕቃዎች ተቀመጡ።

አራቱን ዳክዬዎች ከኃይሉ ገመድ ጋር አሰረና፣ ተመልሶ ሲመጣ ጫፉን እግሬ አጠገብ አኖረው።

አነሣሁት። ሳብኩ። ዳክዬዎቹ ሊገለበጡ ደረሱ።

«ኧረ እትዬ! የቤተ ክርስቲያን ደወል አይደለም እኮ!»

«እኛ ደወል የለንም፤ ጴንጤ ነን።»

«እሺ ከበሮም አይደለም! ቀስ፣ ሁለቴ ብቻ። ከዚያ ይተዉት። ሞገዱ ዳር ያለው ቄጠማ ጋ ደርሶ እስኪጠፋ ይጠብቁ። ኃይሉ እንደዚያ ነበር። ዓይኑ ከሞገዱ ላይ አይነሣም፤ ዳክዬ መምጣቱን እንኳ የምነግረው እኔ ነበርኩ።»

ሁለቴ ሳብኩና ተውኩት። ክቡ ሰፋ፣ ሰፋ፣ ቄጠማውን አንዴ ነቅነቅ አደረገና ጠፋ። እንደገና ሳብኩ። ኃይሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ድረስ ምን ፍለጋ ይመጣ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ዓመት ሙሉ ሰዎች ከጎኔ ተቀምጠው ሲያጽናኑኝ እጄ ሥራ ፈቶ ነበር።

ስንት ጊዜ እንደሳብኩ አላውቅም። «እትዬ» አለ ሰይድ በሹክሹክታ፤ «መጡ።» ክንፋቸውን አጥፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው ወረዱ። ቢስሚላህ ሲል ሰማሁት። ተኮሰ። ሌሎቹ ሄዱ፤ አንድ ብቻ ወድቆ ቀረ።

መመለስ

ሲመሽ ተነሣን። በመንገድ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ሰይድ ሬዲዮውን ቀንሶ ነዳ። ታከር ስንደርስ፣ እንደ ተነጋገርነው ከረጢቱን መኪናው ውስጥ ትቶ እኔን ብቻ ሊያወርደኝ ነበር። ወፏ በፕላስቲክ ተጠቅልላለች።

«እሷን ለቬትናሟ ሴት አደርሳለሁ» አለ።

«አይሆንም» አልኩት። «ለኔ ስጠኝ። ነገ ከሰዓት ና።»

«እትዬ፣ ቢስሚላህ ብዬባታለሁ።»

«ሰምቼሃለሁ።»

በማግስቱ ድስቱን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ያመጣልኝን ነበር የምበላው። ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ ሥጋውን በሎሚ ደጋግሜ አጠብኩ። ሰይድ መጣ፤ ሜሮንም መጣች። ሰይድ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ቤቴ ከሻይና ከዳቦ በቀር ቀምሶ አያውቅም። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፣ እስክጀምር ግን ጠበቀኝ። ጎረስኩ። ሥጋው እንደ ገመድ ይጎተታል፤ የጭቃው ሽታም አለቀቀውም።

ሰይድ ረጅም ጊዜ አኘከ።

«ለካ ያቺ ቬትናማዊት ስታየን መጋረጃ የምትዘጋው ለዚህ ነው!»

ሜሮን በሳቅ ትን አላት። ግን ሦስታችንም እስኪያልቅ በላን።

ሰይድ ሲሄድ ሜሮን ስለ ጋራዡ ጠየቀችኝ። ሰይድን ጠይቄው ከረጢቱን ከመኪናው አምጥቶ ወደ ቦታው መልሶ ሰቅሎታል። ጉዞው ስላስተማረኝ ነገር ብዙ አልጽፍም፤ አሁንም ደክሞኛል፣ ጥቁሩንም ገና አላወለቅሁም። ገመዱን ግን አልጠቀለልኩትም። እርጥብ ከተጠቀለለ ይበሰብሳል አለኝ ሰይድ። ጋራዡ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ዘርግቼዋለሁ፤ እስከ ቅዳሜ ይደርቃል።