ትምህርቱ ሌላ፣ ሥራው ሌላ

መምህሩ ፀጉሩ እስኪሸብት ያስተማረው አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ። ደሙን የሚያፈላው ደግሞ ሽምደዳ ነው። «ኢንዛይም ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ በባዕድ ቋንቋ ሲያነበንብለት፣ በቀቀን ያስተማረ ይመስለዋል።

አንድ ጠዋት የታላቅ እህቱ ድድ ደምቶ አልቆም አለ። እትዬ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል ኪኒን ትወስዳለች። ራስጌዋን ሲፈትሽ ሌላ እሽግ አገኘ፤ የሕመም ማስታገሻ።

«ይሄን ማን ሰጠሽ?»

«ያንተው ተማሪ ነዋ! የልቤን ኪኒን ልገዛ ሄጄ ጉልበቴን ያመኛል ብለው ይሄንንም ጨመረልኝ። ወንበር ሁሉ አቀረበልኝ፣ ይባረክ።»

«ይባረክ!» አለ መምህሩ ጥርሱን ነክሶ።

ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ሐኪሙ ደሙን አስቆመላት። ከዚያ ወጥተው በቀጥታ ተማሪው ወደሚሠራበት መድኃኒት ቤት ሄዱ።

«ቲቸር! እንዴት ዋሉ?» አለ ልጁ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ፊቱ በርቶ። ለእትዬም ወንበር አቀረበላት።

መምህሩ ሁለቱን እሽጎች አስቀመጠለት። «እነዚህ ምን ያደርጋሉ?»

ልጁ እንደ ውኃ አፈሰሰው። አንዱ የጉበትን ኢንዛይም ይገታል፣ ሌላው የፕላትሌትን፤ በጋራ ሲወሰዱ የመድማት አደጋ ይጨምራል። አንዲት ቃል አልሳተም።

«ታዲያ ለምን ሰጠሃት?»

«ቲቸር… እሱ እኮ ትምህርት ነው። ይሄ ሥራ ነው።»

መምህሩ እሽጎቹን ወደ ልጁ ገፋ አደረገ። እሱ የሚያስተምርበት ኮሌጅ ይህንኑ ልጅ በከፍተኛ ማዕረግ አስመርቆታል! «በል እንግዲህ ለእሷ ንገራት። ኢንዛይም አትበል፣ ፕላትሌት አትበል። እናትህን እንደምታናግር።»

«እማማ…» አለ ልጁ። አንደኛውን እሽግ አነሳ። «ይሄኛው ደምዎ ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። ይሄኛውም… ይሄኛውም ደም እንዳይቆም…»

«ልትገድለኝ ነበር በለኛ!» አለች እትዬ። «እኔ ደግሞ ስመርቅህ!»

ልጁ አልሰማትም። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቲቸር፣ ትናንት ለአንድ ሽማግሌም እንደዚሁ አድርጌ ሰጥቻለሁ።»

«ቤታቸውን ታውቀዋለህ?»

«ከጋራዡ ጀርባ ነው።»

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? ቅደም!»

ልጁ ነጭ ጋዋኑን ሳያወልቅ፣ የመጡትን ደንበኞች እየገፈተረ ወጣ። መምህሩም እትዬን ወንበሩ ላይ ጥሏት ተከተለው።