ሆዱን ስቦ የቆመው ዳይሬክተር

«ስዕሉን ለማያይ ሰው የስዕሉ ወሬ ምን ይሠራለታል? ጊዜ ማባከን ነው፣ ማባከን!»

ይህን ያለው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቃል ሁለቴ ካልደገመ ደሞዙ የሚቆረጥ ይመስለዋል። ጓደኛዬ ፌንጣ ቤት ገብታ ድምፁን በአፍንጫዋ እያወጣች ስትደግመው ወንድሟ ወንበሩ ላይ በሳቅ ይንፈራፈራል።

ፌንጣ የሚሏት ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ አንድ ቦታ ስለማትረጋ ነው። ለአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የኦንላይን መማሪያ ዌብሳይት እየሠራች ነው። ወንድሟ ዓይነ ስውር ነው፤ ስልኩ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነብለታል። ስዕል ላይ ሲደርስ ግን፣ ሠሪው ከኋላ ለዓይን የማይታይ መግለጫ ካልጻፈበት «ምስል» ይልና ዝም። ወንድምየው ደግሞ እዚያ የሬዲዮ ጥገና ሊማር ልቡ ተሰቅሏል፤ ትምህርቱም ግማሹ ስዕል ነው። መግለጫው ከቀረ እሱም ቀረ።

መግለጫው ይጻፍ አይጻፍ እያሉ ሲጨቃጨቁ ከርመው ዳይሬክተሩ፣ መምህራኑና ሠራተኞቹ በተሰበሰቡበት አሳዪንና እንወስናለን አላት። ወንድሟን ይዛ ሄደች። እሱም የሬዲዮውን የውስጥ ስዕል ከፈተ፤ ስልኩ ቀዩ ሽቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ልቅም አድርጎ ተናገረ። እዚህ ላይ ቢበቃ ሰርግና ምላሽ ነበር። የወንድምየው እጅ ግን መች ያርፍና፤ «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ ነካው።

እዚያ ያለውን የሠራተኞች ፎቶ መግለጫ ፌንጣ፣ ከወንድሜ ሌላ ማን ይሰማዋል ብላ፣ ጎረቤት እንደምታማ አድርጋ ነበር የጻፈችው። በኋላ አስተካክለዋለሁ እንዳለች ረሳችው።

ስልኩ እንደ ዜና አንባቢ ረጋ ብሎ «ዳይሬክተሩ። ፎቶ እስኪነሳ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ቆሟል። ፊቱ መቅላት ጀምሯል» አለ።

ስልክ ይሉኝታ አያውቅ፣ ቀጠለ፤ «የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ። ጥርሷ ይስቃል፤ ቅንድቧ ግን ለምን አረፈዳችሁ ይላል።»

መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳችው ራሷ ኃላፊዋ ናት። ከዚያ ማን ይያዛቸው። የብየዳ መምህሩ እንባውን እየጠረገ የእኔንም አስነብበው እንጂ እያለ ይለማመጣል። ያልሳቀው ዳይሬክተሩ ብቻ ነው። ያው ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበርና ሄዶ ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ወንድምየው ዞረ።

«እንግዲህ እኔን አየኸኝ ማለት ነው?»

«ከነሆድዎ፣ ጋሼ።»

ዳይሬክተሩ ያን ጊዜ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ሆዱም አብሮ ተለቀቀ። እንደዚያ ሲስቅ አይቶት የሚያውቅ የለም። መግለጫው ይቆይ፣ ይቆይ፤ የእኔ ግን ይስተካከል ብሎ ፈረደ።

ፌንጣም ማታውኑ «ግርማ ሞገስ ያለው ሰው» ብላ ቀየረችው። ወንድሟ አስነብቦ ሰማና፣ አዲስ ዳይሬክተር መጣ እንዴ ብሎ ጠየቃት።

ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ እስክሪብቶዬን እስክታይ ድረስ።

«አንቺ ደግሞ በቃሽ፣ መጻፉን ተይው። ይሄንንም ወንድሜ በሰው ፊት በስልኩ ያስነብበዋል።»