የልብስ ሰፊዋ ተማሪዎች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን ሥር አንድ ወጣት ጎረቤቴ ቡችላው ላይ ሲጮህ ሰማሁ። «ሲት! ሲት አልኩህ እኮ! በቃ፣ ሲት!» ቡችላው በመቀመጥ ፈንታ መልሶ ይጮህበታል። በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ካዛንቺስ ላይ፣ ልክ እንደዚህ ድምፄ እስኪዘጋ የጮህኩበት ውሻ ትዝ አለኝ።

ቦቢ ይባል ነበር። አባቴ ያመጣው ሌባ ቤታችን ከገባ በኋላ ነው። ግቢው ውስጥ አራት ተከራዮች ነበርን። ቦቢ በሩ አጠገብ ካለው የዘይቱን ዛፍ ሥር በሰንሰለት ታስሮ አደገ። ማንም ዳብሶት አያውቅም። እናቴ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን እንዳይነካባት ግድግዳውን ታክካ ታልፋለች፤ አባቴ ደግሞ ሳህኑን በእግሩ ገፋ አድርጎለት ወደ ቢሮው ይሄዳል። ቦቢ ለመጣው ይጮሃል፣ ለሄደውም ይጮሃል። ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት የአከራያችንን ነጠላ ይዞ ቀደደ።

አከራያችን እዚያው ግቢ የሚኖሩ፣ ቁጣቸው የሚፈራ አሮጊት ነበሩ። የተቀደደውን ነጠላ ይዘው ደጃችን ቆሙ።

«እስከ ፋሲካ አስወጡት። አለበለዚያ እኔው አስወጣዋለሁ።»

«እሺ እማማ፣ ትንሽ ይታገሡን» አለ አባቴ አንገቱን ደፍቶ።

እሳቸው ማስወጣት ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከቦቢ በፊት ግቢው ውስጥ የነበረውን ውሻ ሥጋ ውስጥ መርዝ አድርገው ነው ያስወጡት ይባል ነበር። በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ዱላ ይዤ ፊቱ ቆምኩ። «ዝም በል! ተቀመጥ! ዝም በል አልኩህ!» እኔ በጮህኩ ቁጥር እሱ ይብስበታል።

በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖር ነበር። ልጅ ሆና ታማ መስማት አቁማለች። ከደንበኞቿ ጋር የምትግባባው ጥቁር ጨርቅ ላይ በጠመኔ እየጻፈች ነው፤ የእጅ ጽሕፈቷ ከአስተማሪዎቼ ሁሉ ያምራል። ስጮህ አይታኝ በእጇ ጠራችኝ። ክፍሏ የማሽን ዘይትና ትኩስ የተተኮሰ ጨርቅ ይሸት ነበር። እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ስትጮኺ አብረሽው የምትጮኺ ይመስለዋል።»

እሷ የት ሰምታ ብዬ ግራ ገብቶኝ ሳያት ሳቅ አለችና ጨመረችበት። «አፍሽን እያየሁ ነው። የሱንም።»

ከዚያ ዱላውን ተቀብላኝ ከማሽኑ ጀርባ ወሸቀችው።

ትምህርቱ በነጋታው ተጀመረ። ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም፣ ቄራ እንኳ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ዳቦ ቆሎ ይዛ መጣች። ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አላደረገችም። ዱካዋን አስጠግታ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ቦቢ ትንፋሽ ሊወስድ ጩኸቱን ሲያቋርጥ አንዲት ፍሬ ትወረውርለታለች። በአራተኛው ቀን መጥቶ ጫማዋን አሸተተ። መዳፏን ዝቅ ስታደርግ መቀመጥ፣ ጭብጧን ደረቷ ላይ ስታኖር መምጣት ለመደ። እኔ ግን ቸኮልኩ።

«እትዬ፣ ፋሲካ እኮ ደረሰ!»

ከንፈሬን አነበበችና ጻፈች። «የሚጮኸው ፈርቶ ነው። እኔም መስማት ያቆምኩ ጊዜ ቀኑን ሙሉ እጮህ ነበር። አክስቴ ዝም ብላ አጠገቤ እየተቀመጠች ነው ያስተወችኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወዲያ አልቸኮልኩም።

ከአሮጌ ጂንስ ቁራጭ ማሰሪያ ሰፋችለት። በጠዋት፣ ታክሲው ሳይበዛ፣ ወደ ኦሎምፒያ ይዤው እወርዳለሁ። ወያላው «ባምቢስ! ባምቢስ!» ብሎ ሲጣራ እግሬ መሃል ገብቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀና ብሎ እስኪያየኝ እጠብቀዋለሁ፣ ሲያየኝ ዳቦ ቆሎ እሰጠዋለሁ። ሆሳዕና ሲደርስ ጭራውን ሰቅሎ መሄድ ጀመረ። ሰንሰለቱ የበላው የአንገቱ ጸጉርም እያቆጠቆጠ ነበር።

ቅዳሜ ሹር ከሰዓት አከራያችን ሁለት ዶሮ አንጠልጥለው ገቡ። ቦቢ አልታሰረም። አንደኛው ዶሮ ከእጃቸው አመለጠና ክንፉን እያራገበ ቀጥ ብሎ ወደ ቦቢ ሮጠ። ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ መዳፏን ቀስ ብላ ዝቅ አደረገች። ቦቢ ከጆሮው እስከ ጭራው እየተንቀጠቀጠ፣ ለሃጩ እየተንጠባጠበ፣ ተቀመጠ። ዶሮው በአፍንጫው ሥር አለፈ።

አከራያችን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «እዩት ይሄን! እሱም ጾሙን አልፈታም!» ብለው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

በማግስቱ ከዶሮ ወጡ በፊት የበግ አጥንት ይዘው ራሳቸው መጡ። «እንካ፣ እንኳን አደረሰህ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ቦቢ አብዛኛውን ቀን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ይውል ጀመር። ሰው ሲያንኳኳ ገብቶ ጉልበቷን በአፍንጫው ይነካታል። መቼ እንዳስተማረችው አላውቅም። ድሮ ደንበኛ እንዳያመልጣት ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ነበር የምትሰፋው፤ አሁን ማሽኗን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ብርሃኑ አዞረች።

ሰፈራችን ሲፈርስ እኛ አራተኛ ፎቅ ደረሰን፤ እሷ ቄራ፣ እህቷ ግቢ ገባች። አባቴ «ውሻው የሷ ነው» አለ። አለቀስኩ እንጂ አልተከራከርኩም።

አስተማሪ በሆንኩበት ዓመት ቀሚስ የማሰፋ መስዬ ጨርቅ ይዤ ቄራ ሄድኩ። አርባ ልጅ ሲንጫጫብኝ እንዳልጮህ ያስተማረችኝ እሷ መሆኗን ልነግራት ፈልጌ ነበር። ባንኳኳ የሚከፍት የለም። ገፍቼ ስገባ ቦቢ ማሽኑ ሥር፣ አገጩን እግሯ ላይ አድርጎ ተኝቷል። ብጠራው አልተነቃነቀም። ደነገጥኩ። አይታኝ ብድግ ብላ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ጻፈች።

«አርጅቷል። እሱም እንደኔ አይሰማም።»

ዓይኔ እንባ ሲሞላ አይታ ቀጠለች። «ምን አጎደለበት? ድሮም በጆሮው አልተማረም።»

እግሯ ሲነሳ ነቅቶ ነበር። ፊቱ ነጥቷል። ጭብጤን ደረቴ ላይ ሳደርግ ቀስ ብሎ ተነስቶ መጣና ራሱን ጉልበቴ ላይ ጣለ። ጠመኔውን ከእጇ ወሰድኩና «አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ጠመኔውን መልሳ ተቀበለችኝና «እሱንም አመስግኚው» ብላ ጻፈች። አመሰገንኩት።

ክረምት ሊገባ ሲል፣ ክፍል ውስጥ ሳለሁ፣ ስልኬ ላይ ከእሷ መልእክት ገባልኝ። «ዛሬ ጠዋት እግሬን ሳነሳ አልነቃም» ይላል።