ጤነኛዋ እህት

የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ክንዴ ላይ ሲጠብቅ ዛሬም ዓይኔን እጨፍናለሁ። በየዓመቱ ባሕር ዳር እየሄድሁ እለካለሁ። ሐኪሙ ጎማውን እየጨመቀ አየር ሲሞላው ክንዴ ይወጠራል፣ ጣቶቼን ይነዝረኛል። አየሩ እየተነፈሰ ሲለቀኝ ግን ባሕር ዳር አይደለሁም፤ እንጅባራ ነኝ። ዝናቡ የጤና ጣቢያውን ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ክፍሉ በረኪናና እርጥብ ጋቢ ይሸታል፣ ወንድሜ አጠገቤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል።

ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ከትንሽነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ሲጥለው ዓይኑ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ መላ አካላቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሲነቃም የት እንዳለ እስኪያውቅ ድረስ ግራ ተጋብቶ ያየናል። ሰፈሩ ጂን ነው ይል ነበር። በወደቀበት ሰዓት የነካው ሰው ይጋባበታል እየተባለም ይፈራ ነበር። እናቴ ብዙ ቦታ ካዞረችው በኋላ ነው ወደ ሕክምና ያመጣችው። እኛ ጋ ይህ በሽታ የሚታየው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ስለነበር፣ ከግቢው ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ስትገባ ሻሿን እስከ ዓይኗ ድረስ ትስበው ነበር። እዚያ የሚሠራው ነርስ ረጋ ያለ ሰው ነበር። “እትዬ፣ ምን ያሳፍርዎታል? ጭንቅላትም እንደ ሆድ ይታመማል” ይላት ነበር። ማታ ማታ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘለት፤ ወንድሜም ኪኒኑን ሳያቋርጥ ሲውጥ ሳይጥለው መክረም ጀመረ።

እኔ ጤነኛዋ ነበርሁ። አባቴ ገበያው ዳር ሱቅ ነበረው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ የጎማ ጫማ ይሸጣል። እዚያ የሚገባ ሰው ሁሉ ወንድሜን አይቶ ከንፈሩን ከመጠጠ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ይቺን እንኳ አላህ ጤነኛ አድርጎ ሰጣችሁ” ይላል። እውነት ነው፣ ስሮጥ እግሬ ቶሎ ይዝላል፣ ራሴን ያመኛል፣ እግሬ በጋም ክረምትም በረዶ ነው። ግን በእንጅባራ ብርድ የማን እግር አይቀዘቅዝም? ማንም ነገሬ አላለውም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ የምቆም እኔ፣ ቦርሳዬን የሚሸከምልኝ እሱ ነበር። “ነይ እንጂ አንቺ ሰነፍ” ይለኛል፤ ሳያስቸኩለኝ ግን ይጠብቀኛል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲገባ ከዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተመራማሪዎች መጡ። የሚጥላቸውን ልጆች ሊያጠኑ ነው ተባለ። ከያንዳንዱ ልጅ ጋር አንድ ጤነኛ ወንድም ወይም እህት ይምጣ አሉ፤ ለማወዳደሪያ። ያቺን ቃል ያኔ ነው የተማርኋት። እናቴ ፀጉሬን ሠርታ፣ የበዓል ቀሚሴን አልብሳ ይዛኝ ሄደች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወንድሜን ለመርዳት የምሄድ መስሎኛል።

መነጽር ያደረገች ወጣት ሐኪም ወንድሜን ብዙ ነገር ጠየቀችው፣ አስጻፈችው፣ በአንድ እግሩ አስቆመችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ክንዴን ለካች። እንደገና ለካች። ሌላኛውን ክንዴን ለካች። ከዚያ ጨርቁን ጭኔ ላይ ጠቀለለችው፤ ጣቷን እግሬ ላይ አሳርፋ የደም ምቴን ፈለገች።

“ይቺ ልጅ ስትሮጥ እግሯን ያማታል?” አለች።

“ኧረ እሷስ ደኅና ናት” አለች እናቴ። “በሽተኛው እሱ ነው።”

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እናቴ አስጠጋች። ከልብ ወጥቶ ወደ ታች የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧዬ አንድ ቦታ ላይ ጠብቧል፤ ከተወለድሁ ጀምሮ ነው አለች። “የውሃ ጎማ ሲረግጡ ከኋላ ይወጠራል፣ ከፊት ውሃው ይደክማል። የልጅዎም ደም እንዲያ ነው። ላይኛው ሰውነቷ ተጨንቋል፣ እግሯ ግን በቂ ደም አይደርሰውም። ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተሠራላት ልቧን ይጎዳዋል።”

እናቴ እኔንና ወንድሜን በየተራ አየችን፤ ስለ የትኛችን እንደነገረቻት ማመን ያቃታት ትመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሐኪሟ አዲስ አበባ ደውላ ተራ አስያዘችልኝ። እናቴ፣ “እሱንስ ለማን ጥዬ ልሂድ?” እያለች አንድ ልብስ ስታጥፍና ስትዘረጋ አመሸች። “ሂዱ” አላት ወንድሜ። “ኪኒኔን እንደሆነ ራሴ እውጣለሁ።” ስንሄድ ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር። ከተማው የከሰል ጭስ ይሸታል፤ በዚያ ወቅት ገበሬው ሁሉ ማሳው ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ ግራር ተክሎ ከሰል ያከስል ነበር። ወንድሜ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል እጁን አውለበለበልኝ። በቀኝ እጁ፣ ያኔ ገና ደኅና በነበረው።

አዲስ አበባ ብዙ ቆየን። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የነቃሁበትን ጠዋት አልረሳውም፤ እግሬ ሞቆ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ ሞቀ። መራመድ ስጀምር አንዷ ነርስ አሳንሰር ውስጥ አስገብታ ላይና ታች አመላለሰችኝ፤ ሆዴ ባዶ ሲቀር እየጮህሁ እስቅ ነበር። ያን ቀን ማታ ላይ ለአባቴ ደወልን። ስለ አሳንሰሩ፣ ስለ እግሬ፣ ያለ ማቋረጥ አወራሁለት። “ጎበዝ፣ የኔ ልጅ” አለኝ፤ ድምፁ ጎርንኖ ነበር። ወንድሜን አገናኘኝ ስለው፣ “ተኝቷል” አለኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቆረጠ፤ ወይም እሱ ዘጋው።

የሆነውን የሰማሁት ቤት ከተመለስሁ በኋላ ነው። የወንድሜ ኪኒን አልቆ ነበር። ጤና ጣቢያው ሲያልቅበት እናቴ ነበረች ዳንግላ ድረስ ወርዳ የምታመጣው፤ በየትኛው መድኃኒት ቤት እንደሚገኝ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አባቴ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ስላሉት ጠበቀ። ዝናብ በሆነ ቀን ወንድሜ ሱቅ ውስጥ የከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ እጁን ሲያሞቅ፣ አባቴ ጓሮ የጨው ጆንያ ሲያስገባ፣ በሽታው ጣለው፤ ቀኝ እጁ ፍሙ ውስጥ ገባ። ሁለት ገዢዎች በሩ ላይ ነበሩ። አይተውታል። መንካት ፈርተው ቆሙ። ከመንገዱ ማዶ ድንች የምትሸጥ ከዘንገና ገጠር የመጣች አንዲት ሴት ናት በአዊኛ እየጮኸች ሮጣ ገብታ የጎተተችው።

አባቴ ይህን ለጎረቤት ሲነግር ከመጋረጃው ኋላ ነበርሁ። “ልጅቱ ስለ አሳንሰር ስታወራኝ ልጁን ሐኪም ቤት አስተኝቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር” ሲል ሰማሁት። እኔ የሳቅሁባት ቀን ያቺ ቀን ነበረች።

ወንድሜ የተጠቀለለውን ቀኝ እጁን ጋቢ ውስጥ ደብቆ ነበር የተቀበለኝ። በግራ እጁ እግሬን ጨበጥ አደረገና፣ “እውነትም ሞቋል!” ብሎ ሳቀ። እኔ አለቀስሁ። ቁስሌን ያመመኝ መስሏቸው ትራስ አመጡልኝ።

ከወራት በኋላ ተመራማሪዎቹ ለክትትል ሲመለሱ፣ ያቺው ሐኪም የወንድሜን እጅ ፈትታ አየችው። ሁለት ጣቶቹ ተጣብቀው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። ወደ ነርሱ ዞራ ቀስ ብላ፣ “እኛ እኮ የመጣነው ለእሱ ነበር” አለችው። ነርሱ አንገቱን ደፋ። እሱም መድኃኒቱ ሲያልቅ ጠብቅ ብሎ አባቴን በመመለሱ ይጸጸት ነበር፤ ሁሉም የየድርሻውን ይዞ ነበር። ወንድሜ ብቻ፣ ልጅ ስለነበረ ይሆናል፣ ሐኪሟን ሊያጽናና ፈልጎ፣ “እሷን አገኛችኋት አይደል እንዴ?” አላት።

ያቺን ንግግሩን ስንት ዓመት ተሸክሜያት ዞርሁ። ስማር፣ ስዳር፣ ዳንግላ ሥራ ስይዝ። ማንም ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ ያለኝ የለም፤ እኔም ምንም አላደረግሁም። ቢሆንም ደረጃ ስወጣ እግሬ እንደማይዝል ትዝ ባለኝ ቁጥር የሌላ ሰው ነገር የወሰድሁ ይመስለኛል። በቤታችን ስለዚያ እጅ ተነሥቶ አያውቅም። ፎቶ ስንነሣ እንኳ እናቴ በስተቀኙ ትቆምና እጁን በነጠላዋ ትሸፍነዋለች።

ባለፈው ክረምት ትንሿን ልጄን ይዤ እንጅባራ ሄድሁ። ሱቁን አሁን የያዘው ወንድሜ ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ስለሚወስድ ከጣለው ዓመታት አልፈዋል። ባንኮኒው ላይ ብስኩት ሲፈታላት ልጄ እጁን አየችና፣ “አጎቴ፣ ጣትህ ምን ሆኖ ነው?” አለችው።

እኔ ደነገጥሁ። እሱ አልደነገጠም።

“እሳት ላይ ወድቄ ነው።”

“አመመህ?”

“አላውቅም፤ በሽታዬ ሲጥለኝ አልሰማም። ስነቃ እጄ ተጠቅልሎ፣ አባባ ሲያለቅስ ነው ያየሁት። ስለ እሳቱ ምንም አላስታውስም።”

ስለዚያች ቀን እሱ ምንም አያውቅም። የከሰሉን ፍም፣ በር ላይ የቆሙትን ሰዎች፣ የሴትዮዋን ጩኸት በየሌሊቱ ሳይ የኖርሁት እኔ ነበርሁ፤ እዚያ ያልነበርሁት።

“እማዬስ የት ነበረች?” አለች ልጄ።

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ የፈራሁትን ወቀሳ ፈለግሁ፤ አጣሁት።

“እሷማ ልትድን ሄዳ ነበር” አላት።

ከዚያ ገበያው ውስጥ የታሰሩትን ፈረሶች ላሳይሽ ብሎ ይዟት ወጣ። ልጄ የታጠፉትን ሁለቱን ጣቶቹን በመዳፏ ሙሉ ጨብጣ እየዘለለች አብራው ሄደች። ከባንኮኒው ኋላ ብቻዬን ቀረሁ። ሳሙና ልትገዛ የመጣች ሴት አንገቷን አስገብታ፣ “ባለሱቅ የለም?” አለችኝ።

“አለ” አልኋት። “ወንድሜ ነው። አሁን ይመጣል።”