አንድ ቁጥር፣ ሁለት በሬ

ግንቦት ሊያልቅ ሲል የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አርብ ገበያ ከተማ እህቴ ዘንድ ሰነበትሁ። ብዙ ዓመት ዜና ሳሳድድ ኖሬ ደክሞኝ ነበር፤ እሷን ደግሞ ከኔ ብሳ ደክማ አገኘኋት። እህቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ ትንሽ የከብት መድኃኒት መደብር አላት። ደንበኞቿ ከታች ጋይንትና ከስማዳ ወሰን በእግር የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው። ብዙው መድኃኒት ከሳምንታት በኋላ ስለሚደገም፣ የማን ከብት መቼ ምን እንደ ወሰደ መዝግባ ቀኑ ሲደርስ ደውላ መጥራት አለባት። ሰዉ ደግሞ ሲም ካርድ ይቀይራል፣ ስልክ ይጠፋበታል፣ የዘመዱን ቁጥር ያስመዘግባል። ከገበያው ማግስት ቅዳሜን ሙሉ ቁጥር ስታርም ትውል ነበር።

በቅርቡ ግን ስልኳ ላይ አንድ ፕሮግራም አስጭናለች። ደንበኛ ሲደውል ራሱ ይመዘግባል፤ ቁጥር ሲቀየር ያድሳል፤ የመድኃኒቱ ቀን ሲደርስ መልእክት ይልካል። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሰው ሲያገኝም ሁለቱን ወደ አንድ ያዋህዳል።

“እጄ አረፈልኝ” አለችኝ። እውነትም ቅዳሜዋን መልሶላት ነበር።

ዓርብ ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት በሬ እየጎተተች ደጁ ላይ ቆመች። ባሏ የሞተባት፣ ከዚያ በሬ ሌላ የሌላት ገበሬ ናት። በዚያ አገር አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው እንደሱው አንድ ካለው ጎረቤት ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው የሁለቱንም ማሳ በተራ ያርሳሉ። የምትቀናጀው ጎረቤቷም ከኋላዋ መጥቷል። የበሬው ጎን ገብቷል፤ ከመንጋጋው ሥር አብጧል። ገብስ የሚዘራበት ጊዜ ደግሞ ደርሷል።

“ምነው ዶክተር፣ ረሳሽኝ?” አለች ሴቲቱ።

እህቴ እብጠቱን ዳሰሰች። “ሁለተኛውን መድኃኒት አልወሰደም እንዴ?”

“ስትጠሪኝ አይደል የምመጣው?”

“መልእክቱ ሄዷል እኮ።”

“ለኔ ነው የመጣ” አለ ጎረቤቷ። “እሷ ስልክ የላትም፣ በኔ ነው የምትጠራ። ድሮ ስትደውይ የሁለታችንንም ስም ትጠሪ ነበር። አሁን የኔን ስም ብቻ ይዞ መጣ። የሷ ቀን ገና ነው ብዬ የኔን አሳከምሁ።”

“አንተማ ምን አለብህ፣ ያንተው ወፍሯል!” አለችው ሴቲቱ።

“ለበሬሽ ብቻ ታዝኛለሽ፤ የኔን ክሳት ብታዪ ለኔም መድኃኒት ትለምኝልኝ ነበር።”

አልሳቀችም። እኔ የእህቴን ስልክ ተቀብዬ፣ በሥራ ልማዴ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ፈተሽሁ። ሁለት በሬ፣ አንድ ቀበሌ፣ አንድ ቀን፣ አንድ በሽታ፣ አንድ ቁጥር። ፕሮግራሙ አንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ተጽፏል ብሎ የሴቲቱን ከጎረቤቷ ጋር አዋህዶታል። ከመዝገቡ ስሟ ወጥቷል።

እህቴ መድኃኒቱን አዘጋጅታ ለበሬው አጠጣችው። እጇን ታጥባ ስትጨርስ፣ “ጥፋቱ ከኔ ቤት ነው፤ የዛሬው በኔ ነው” አለች። “ይድናል። ሰኔን ግን ቀንበር እንዳይነካው።”

ሴቲቱ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። “ገብሴስ?”

“ከወንድሜ በሬ ጋር እጠምዳለሁ። ምን ላድርግ?”

“የኔን ትጥላለህ ማለት ነው?”

“ማን ጣለሽ? የወንድሜ፣ የኔ፣ ከዚያ ያንቺ።”

“መጨረሻ?”

“ዝናቡን ያዢልኝና ካንቺ እጀምራለሁ።”

“እስከዚያ ገብሱ ጊዜው ያልፍበታል። እግር የሚያሽመደምድ ጓያ ልብላ?”

ሰውዬው የበሬውን ገመድ ከእጇ ተቀበለና ቀስ እያሉ ወጡ።

በማግስቱ ቅዳሜ እህቴ ፕሮግራሙ ራሱ እንዳያዋህድ ከለከለችው። አሁን ተመሳሳይ ሲያይ “አንድ ሰው ናቸው?” ብሎ ይጠይቃታል። ባለ ስልኩንና ባለ ከብቱን ለየብቻ መጻፍም ጀመረች። የሚቀናጁት ብዙ ናቸው፤ “አይደሉም” ብላ እየመለሰች እስከ እኩለ ቀን ቆየች። ከድሮው ይሻላል፤ ግን እጄ አረፈ ስትል ዳግመኛ አልሰማኋትም።

ሐምሌ ውስጥ ከሥራ ቦታዬ ደውዬ ስለ ሴቲቱ ጠየቅኋት።

“በጎረቤቷ ስልክ አግኝቻት ነበር” አለችኝ። “በሬው ሣር መንጨት ጀምሯል። የሷ ተራ ሲደርስ ግን ግማሹን ማሳ ብቻ ነው ለገብስ ያደረሱላት።”

“ግማሹስ?”

“ዝናቡ ሲወጣ ለሚዘራው ጓያ ትታዋለች” አለች። “ስናወራ አለመቆጣቷ ነው የከበደኝ።”